ለራስ ሲቆርሱ

ለነፍስ አባቴ ያልተናዘዝኳቸው ኃጢአቶች አሉኝ። ልደብቃቸው ፈልጌ አይደለም፤ «አባቴ፣ 3389 የሚባለውን ፖርት ለመላው ዓለም ከፍቼ አድሬያለሁ» ብላቸው ስንት ስግደት ማዘዝ እንዳለባቸው ግራ ይገባቸዋል። «ሰው ገድለሃል?» ይሉኛል። «አልገደልኩም» እላለሁ። «በል እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው ያሰናብቱኛል። እንዲህ በርካሽ የተገኘ ፍትሐት ደግሞ ሕሊናን አያሳርፍም። ስለዚህ ኑዛዜውን ለአንባቢ አምጥቼዋለሁ። አንባቢ ባይፈታኝ እንኳ ይስቅብኛል፤ እሱም ቀላል ቅጣት አይደለም።

ሥራዬ የአንድ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅትን ሰርቨሮች መጠበቅ ነው። የሥራ መደቤ በደብዳቤ ላይ «የሲስተምና ኔትወርክ አስተዳዳሪ» ይባላል። ቢሮ ውስጥ ግን «አይቲው» ነኝ። ፕሪንተር ወረቀት ሲውጥም፣ ዋይፋይ ሲንቀራፈፍም፣ የሥራ አስኪያጁ ልጅ ስልኩን ቆልፎ ቁጥሩን ሲረሳም የምጠራው በዚሁ ስም ነው። ሰርቨሮቹ የሚኖሩት ድሮ የጽሕፈት መሣሪያ ዕቃ ቤት በነበረች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ነው። ኤሲው ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ ባልዲ አለ፤ ባልዲውን በየጠዋቱ የምትደፋው የጽዳት ሠራተኛችን ናት። የክፍሉ አንድ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ሌላው መወልወያው ከተደገፈበት ግድግዳ ላይ፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። የድርጅቱ የደህንነት መመሪያ «ወደ ሰርቨር ክፍል መግባት የሚችለው የተፈቀደለት ባለሙያ ብቻ ነው» ይላል። ይህን አንቀጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

መመሪያውን በሙሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የኃጢአቴም ሁሉ ሥር ይኸው ነው። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላል ያገሬ ሰው። እኔም መመሪያውን ስቆርስ ክልከላውን ለሌላው፣ ፈቃዱን ለራሴ ቆረስኩ። ለራሴ የቆረስኩት ደግሞ ትልቁን ነበር።

ከግብዝነት ልጀምር። ሠራተኛው ሁሉ የይለፍ ቃሉን በየሦስት ወሩ እንዲቀይር አስገደድኩ። ትልቅ ፊደል ይኑረው፣ ትንሽ ፊደል ይኑረው፣ ቁጥር ይኑረው፣ ምልክት ይኑረው፣ ከዚህ በፊት ከተጠቀማችሁበት አንዱም እንዳይሆን አልኩ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቢሮዬ ድረስ መጡ። «አንተ ልጅ፣ ያለፈውን ምን አደረገኝ ብዬ ነው የምቀይረው? ገና ለመድኩት እኮ!» አሉኝ። እኔም ስለ ሳይበር ጥቃት ረጅም ዲስኩር አደረግሁላቸው። እሳቸው በትዕግሥት ሰምተው ተመለሱና አዲሱን የይለፍ ቃል በብጫቂ ወረቀት ጽፈው ኪቦርዳቸው ሥር ለጠፉት። ብጫቂዋን ፎቶ አንስቼ ለሠራተኛው በምሰጠው ዓመታዊ ሥልጠና ላይ የመጥፎ ልማድ ማሳያ አድርጌ አቀረብኳት። ስማቸውን አልጠራሁም፤ ግን የእጅ ጽሑፋቸውን የማያውቅ ሠራተኛ አልነበረም።

አሁን ጉዱን ልናገር። ይህን የመቀያየር ሕግ ለዓለም ካስፋፉት ሰነዶች አንዱ የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው መመሪያ ነው። ያዘጋጁት ቢል በር የሚባሉ ባለሙያ ነበሩ። ሰውየው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ለዎል ስትሪት ጆርናል በሰጡት ቃለ ምልልስ ከጻፉት ብዙውን እንደሚጸጸቱበት ተናገሩ። ሰው ቀይር እየተባለ ሲጨቀጨቅ አዲስ ነገር አያወጣም፤ መጨረሻዋ ላይ ያለችውን 1 ወደ 2 ያደርጋታል፣ አለዚያም ወረቀት ላይ ይጽፋታል። ተቋሙም በዚያው ዓመት መመሪያውን አሻሻለ፦ ርዝመት ይሻላል፤ የይለፍ ቃሉ ተሰርቋል የሚያሰኝ ምክንያት ከሌለ በየጊዜው ቀይሩ እያላችሁ ሰውን አታስጨንቁ አለ። ይህን ሁሉ አንብቤያለሁ። ያነበብኩትም በወጣ ሰሞን ነው። መመሪያችንን ግን አልቀየርኩም። ብቀይር እትዬ ትክክል ነበሩ ማለት ሊሆን ነዋ! አንድ ትልቅ ሰው በዓለም ፊት ተጸጽቻለሁ ያሉበትን ጉዳይ እኔ በአንዲት የሒሳብ ክፍል ፊት መጸጸት አቃተኝ።

የራሴስ የይለፍ ቃል? ያደግሁበት ሰፈር ስምና የተወለድኩበት ዓመት ነበር። ለሰርቨሩም፣ ለራውተሩም፣ ለካሜራ መቅረጫውም አንድ እሱው ነው። ከተቀጠርኩ ጀምሮ ተቀይሮ አያውቅም። ሰርቨሩ ላይ «የይለፍ ቃሉ ጊዜ አያልፍበትም» የምትል አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ከሠራተኛው ሁሉ ስም አጠገብ ባዶ ናት፤ ከእኔ ስም አጠገብ ምልክት ተደርጎባታል። ያደረግኩት ራሴ ነኝ። ከቢሮው ሁሉ የእኔ ቁልፍ ብዙ በር ይከፍታል፤ ከቢሮው ሁሉ ያረጀውም የእኔ ቁልፍ ነበር።

ቀጥሎ ከንቱ ውዳሴ ይመጣል። ወደ ኢንተርኔት ፊቱን ያዞረ አንድ የሊኑክስ ሰርቨር ነበረን። አንድ ምሽት ሥራ ሲቀዘቅዝ የመግቢያ ሎጉን ከፈትኩና ደነገጥኩ። መስመር በመስመር «የይለፍ ቃል ስህተት» ይላል። ሩት ብለው ሞክረዋል፤ አድሚን ብለው ሞክረዋል፤ ቴስት፣ ኦራክል፣ ፖስትግሬስ፣ ኡቡንቱ እያሉ ሞክረዋል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ በርካታ ጊዜ ይሞክራሉ፤ አድራሻቸውም የብዙ አገር ነው። እውነቱን ልናገር? ከድንጋጤው ሥር አንዲት ደስታ ነበረች። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለውን ገልብጬ ሰማሁት፦ አጥራችን ከተነቀነቀ እኛ የምንፈለግ ሰዎች ነን ማለት ነው አልኩ። በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጋሼ፣ ከውጭ አገር እየተሞከረብን ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ደነገጡ፤ እሳቸውም ደስ አላቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ለወዳጆቻቸው በስልክ ሲያወሩት ሰማኋቸው።

የሚሞክርብን ግን ሰው አልነበረም። እኛን የሚያውቅም አልነበረም። ፕሮግራም ነው፤ ያገኘውን አጥር ሁሉ እየነቀነቀ የሚያልፍ። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት ዚማፕ የሚባል መሣሪያ፣ በቂ መስመር ካገኘ፣ አራት ቢሊዮን ገደማ የሚሆነውን የአይፒ ቨርዥን 4 አድራሻ በሙሉ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አንኳኩቶ ይጨርሳል። አዲስ ሰርቨር ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ባለቤቱ ቡናውን ሳይጨርስ አንኳኪው ይደርሳል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ በይለፍ ቃል መግባትን ዘግቶ በቁልፍ ፋይል ብቻ ማስገባት፣ ደጋግሞ የተሳሳተን አድራሻ ለጊዜው ማገድ፣ የማያስፈልግን ፖርት መዝጋት። ሁሉም ነጻ ነው፤ ሁሉም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እኔ ግን ነጻ መድኃኒት ምን ክብር ያመጣልኛል? ድንጋጤው ሳይበርድ ውድ ፋየርዎል አስገዛሁ። መብራቶቹ አረንጓዴ እየሆኑ ሲርገበገቡ ማየት ደስ ይላል፤ እንግዳ ሲመጣ ክፍሉን ከፍቼ አሳያለሁ። ፋየርዎሉን በገጠምን ሰሞን የቅርንጫፍ መጋዘኑ አልገናኝ ብሎ ተጮኸብኝና «ከየትም ወደ የትም ፍቀድ» የሚል ትእዛዝ ከሁሉ በላይ አስገባሁ። ስሙንም «ጊዜያዊ» አልኩት። በአገራችን እንደ ጊዜያዊ ነገር ዕድሜ የሚሰጠው እንደሌለ ማወቅ ነበረብኝ።

ፍርሃትም አለብኝ፤ የስንፍና ካባ ለብሶ የሚዞር ፍርሃት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ለሰርቨር ማሻሻያ የተተረተ ይመስላል። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን አንድ ክፉ ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ ያወጣው እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2017 ነው። ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ዓለምን ያመሰው ግንቦት 12 ነው። በመካከሉ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ150 ገደማ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተር ተቆለፈ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕሙማን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ቅጠሉ ቀድሞ ተሰጥቶ ነበር፤ ብዙ ጠባቂ ግን አልቀጠፈውም። ስማቸውን ባላውቅም እያንዳንዳቸውን አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉም እኔን ይመስላሉ።

ለምን እንደማያሻሽሉ ላስረዳ። አሮጌው ሰርቨራችን ሳይጠፋ የቆየበትን ዘመን እንደ ሜዳልያ እቆጥረው ነበር። ማሻሻያው ሲጫን ጠፍቶ መነሳት አለበት። ጠፍቶ ካልተነሳስ? በአዲስ አበባ «ሲስተም የለም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሳይሰማ ከወረፋ የተመለሰ ሰው የለም። የዚያች ዓረፍተ ነገር ምክንያት እኔ እንዳልሆን ስል ቅዳሜን ለቅዳሜ አቀባበልኩ። የወር መዝጊያ ነው፤ ይለፍ። የግብር ማሳወቂያ ነው፤ ይለፍ። ሰኔ 30 ሒሳብ ሊዘጋ ነው፤ ይለፍ። ዓውደ ዓመት ነው፤ ማን ቢሮ ይመጣል? እንዲህ ስል ዓመት ዞረ።

አንዳንዶቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ ቢፈለግም አይሻሻሉም፤ የተጫነባቸው ዊንዶውስ ክራክ ነው። ፋይሉን ያወረድኩት ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ነው። መመሪያው «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። አጠፋሁ። ሌባ «ስመጣ እንዳይጮህ ውሻህን እሰር» ብሎ ሲመክረው እሺ ብሎ ገመድ የሚፈልግ ዘበኛ አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ እነሆኝ።

መሥሪያ ቤቱን ለቀው የሄዱ ሰዎች ነገር ደግሞ ለብቻው ይነገር። በሥልጠናዬ ላይ የምወደው ታሪክ የኮሎኒያል ፓይፕላይን ነበር። የአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከሚጠቀመው ነዳጅ 45 በመቶ ገደማውን የሚያስተላልፈው ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 መስመሩን ለመዝጋት ተገደደ። አጥቂዎቹ የገቡት ማንም በማይጠቀምበት፣ ሳይዘጋ በቀረ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ በሌለው አንድ የቪፒኤን አካውንት ነው። ለአጥቂዎቹ የተከፈለው ቤዛ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት ከፊሉን በኋላ አስመልሷል። ይህን ሳወራ ድምፄን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ነው፤ ሠራተኛው አፉን ከፍቶ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ከሥልጠናው በኋላ የራሳችንን ዝርዝር ከፈትኩ። ካናዳ የሄደው የሽያጭ ባለሙያ አለ። ዱባይ የገባችው ጸሐፊ አለች። ከእኛ ወጥቶ ከተፎካካሪያችን ጋር የተቀጠረው የግዢ ሠራተኛ አለ። ከመካከላቸው አንዱን ደግሞ ቀብሩ ላይ ቆሜ አፈር ሲለብስ አይቻለሁ፤ ኢሜይሉ ግን ሕያው ነው፤ መልእክትም ይቀበላል። ዝርዝሩን አየሁት፤ «ሰኞ አጸዳዋለሁ» አልኩ፤ ዘጋሁት።

እንግዲህ ሰኞ ስል ያቺ ሰኞ መጣች። ጠዋት እትዬ ደውለው «ልጄ፣ ፒችትሪው ምን ሆኗል? ፋይሉ ሁሉ ጭራ አብቅሏል» አሉኝ፤ ፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራማችን ነው። ገብቼ አየሁ። እውነትም እያንዳንዱ ፋይል ከስሙ በኋላ የማይነበብ የፊደል ጭራ አብቅሏል፤ አንዱም አይከፈትም። በየፎልደሩ ውስጥ በጨዋ እንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ማስታወሻ ተቀምጧል። ፋይሎቻችሁ ተቆልፈዋል፤ አትጨነቁ፤ በቢትኮይን ክፈሉ፤ እምነት ካጣችሁ አንድ ፋይል በነጻ ፈትተን እናሳያችኋለን ይላል። የእነሱ የደንበኛ አገልግሎት ከእኔ እንደሚሻል ያኔ ገባኝ። እኔ ለሠራተኛው «አትጨነቁ» ብዬ ጽፌ አላውቅም።

በየት ገቡ? እዚህ ላይ ነው 3389 የሚመጣው። ሪሞት ዴስክቶፕ የሚባለው፣ ሰርቨሩን ከሩቅ ሆኖ ፊቱ እንደተቀመጡ የሚያሠራው አገልግሎት የሚያልፍበት በር ነው። ለሠራተኛው ሁሉ «ከቤት መሥራት የሚፈልግ በቪፒኤን ብቻ» ብዬ ጽፌያለሁ። ቪፒኤኑ ግን ዘገምተኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ከካፌ ሆኜ መሥራት እወዳለሁ። ስለዚህ ለራሴ በሩን በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ከፈትኩ። አንድ ፕሮግራም ለመሞከር ብዬ የፈጠርኳት «ቴስት» የምትባል አካውንትም ነበረች። ሙከራው ካለቀ ቆይቷል፤ አካውንቷ ግን የአስተዳዳሪነት ሥልጣን እንደያዘች ተረስታለች። የይለፍ ቃሏ ቴስት@123 ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ። ልብ በሉ፦ ትልቅ ፊደል አላት፣ ትንሽ ፊደል አላት፣ ቁጥር አላት፣ ምልክት አላት። እኔ ያወጣሁትን መመሪያ ነጥብ በነጥብ ታሟላለች።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ያን ዕለት ሎግ የማንበብ ትጋት አደረብኝ። ሎጉ ምንም አልደበቀም። ከሐሙስ ጀምሮ ስህተት፣ ስህተት፣ ስህተት እያለ ወረደና ቅዳሜ ሌሊት ላይ አንዲት መስመር «ገባ» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ጸጥታ ነው። ከዚያች መስመር እስከ እትዬ ስልክ ድረስ ቅዳሜ ሌሊትና እሑድ ሙሉ ቀን አለፈ፤ እኔ እሑድ ክትፎ ላይ ነበርኩ። ሰርቨሩ ጠባቂውን ከሐሙስ ጀምሮ ሲጣራ ነበር፤ ጠባቂው ሎግ የሚያነበው አለቃውን ለማስደንገጥ ሲፈልግ ብቻ ነው።

ባክአፕስ? አለን! ሁልጊዜ ማታ ይወሰዳል፤ «ተሳክቷል» የሚል ኢሜይልም ይመጣል። የሚወሰደው ግን እዚያው ሰርቨር ላይ በተሰካ ሁለተኛ ዲስክ ላይ ነው። አጥቂዎቹ ዋናውን ሲቆልፉ እሱንም በዚያው ቆለፉት። በሙያው ውስጥ ልጅ እንኳ የሚያውቀው ሕግ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢ ውጪ። እኔ ሕጉን በስላይድ አውቀዋለሁ። ከባክአፕ አንድ ፋይል እንኳ መልሼ ሞክሬ አላውቅም ነበር፤ ኢሜይሉን ማመን ይቀላል።

በዚህ እንኳ ብቻዬን አይደለሁም። ጊትላብ በተባለው ታዋቂ የፕሮግራመሮች ድርጅት ውስጥ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያ በድካም ሰዓት ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት ሰረዘው። ከነበሯቸው አምስት የመጠባበቂያ ዘዴዎች አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። ያዳናቸው አንድ መሐንዲስ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በእጁ ያነሳው ቅጂ ነበር። ልዩነታችን ከዚያ ወዲያ ባለው ላይ ነው። እነሱ የሆነውን ሁሉ በዚያው ሰዓት ለደንበኛ በግልጽ ጻፉ፤ የጥገናውን ሥራ በቀጥታ ሥርጭት አሳዩ። እኔ በሩን ዘግቼ ለሠራተኛው «ሲስተም የለም» አልኩ።

አራተኛውም ኃጢአት ሐሰት ነው። ሥራ አስኪያጁ ጠርተውኝ «ምንድን ነው የሆነው?» ሲሉ «ጋሼ፣ ከውጭ የተቃጣ እጅግ የተራቀቀ ጥቃት ነው» አልኳቸው። የተራቀቀችው ቴስት@123 ናት። በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ሥር ለእንዲህ ያለ አደጋ የተቋቋመ ኢትዮ-ሰርት የሚባል ክፍል እንዳለ አውቃለሁ። «ደውለሃል?» አሉኝ። «እየተነጋገርን ነው» አልኩ። አልደወልኩም። ብደውል የመጀመሪያው ጥያቄ «ሪሞት ዴስክቶፑ ለኢንተርኔት ክፍት ነበር?» እንደሚሆን ስለማውቅ ነው። ያልተናገርነው ጥቃት ነገ በዚያው መንገድ ጎረቤት ድርጅት ላይ ይደርሳል፤ የእኔ ሐፍረት የሌላው ሰው ኪሳራ ይሆናል። ይህን ያኔም አውቄዋለሁ፤ ዝም ያልኩት ሳላውቅ አይደለም።

ያወጡን እትዬ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ቤዛ ስለመክፈል ሲያወሩ፣ እሳቸው የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ከፈቱና በነጭ መሐረብ የተጠቀለለች ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አወጡ። አርብ አርብ ከመውጣታቸው በፊት ፒችትሪውን ገልብጠው፣ ነቅለው፣ ቆልፈው ይሄዳሉ ለካ! ፍላሽም ሆነ ውጫዊ ዲስክ መሰካት በመመሪያው ክልክል ነው፤ የሒሳብ ክፍሉን ግን ያገድኩት በወረቀት ብቻ ነበር። እኔም አፌን ይዤ «እትዬ፣ ይህ እኮ ክልክል ነው» አልኳቸው። በዚያች ሰዓት ይህን ለማለት የሚበቃ ድፍረት ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «መብራቱን ስለማላምን ነው» አሉ። «ሄዶ ሲመጣ አንድ ቀን ይበላብኛል ብዬ።»

ነገሩ ከትልቁ የዴንማርክ የመርከብ ድርጅት ከመርስክ ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት በመርስክ ላይ ሲደርስ፣ በድርጅቱ መላ ኔትወርክ ማን ማን እንደሆነ የሚመሰክሩት ዋና ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ በአንድነት ጠፉ። አንዷ ብቻ ተረፈች፤ ጋና ቢሮ ያለችው። የተረፈችው ጥቃቱ ሲመጣ እዚያ መብራት ጠፍቶ ከመስመር ወጥታ ስለነበር ነው። ዲስኳን በሰው እጅ በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ ወሰዷት። ድርጅቱ በኋላ እንደተናገረው 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ተጫነ፤ ጉዳቱም እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ግዙፉን ድርጅት የመብራት መጥፋት አዳነው፤ የእኛን ደግሞ የመብራት መጥፋት ፍርሃት። ሁለቱም ጋ ጠባቂው ምስጋና የለውም።

ሰርቨሩ እስኪስተካከል ሦስት ሳምንት ያህል ሒሳብ ክፍሉ እንደ ድሮው በካርቦን ደረሰኝና በእጅ ሠራ፤ የሽያጭና የመጋዘን መረጃ ግን ከፊሉ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ተመልሻለሁ ወይ ብትሉኝ፣ በከፊል። 3389 ተዘግቷል። «ጊዜያዊ» የተባለው ትእዛዝ ተሰርዟል። የሟቹ ኢሜይል ዐርፏል። አንዱ ባክአፕ ከግቢ ውጪ ይቀመጣል፤ በየወሩ አንድ ፋይል መልሼ እሞክራለሁ። የይለፍ ቃሉም ረጅም ይሁን እንጂ በየሦስት ወሩ አይቀየርም፤ እትዬ ይህን ሲሰሙ ምንም አላሉም፤ መነጽራቸውን ብቻ አስተካከሉ። ሁሉም ሲገባ ስልኩ ላይ በሚመጣ ሁለተኛ ቁጥር እንዲያረጋግጥ አደረግሁ። ይህን ባወጅኩ በሳምንቱ እትዬ በሬ ላይ ቆመው «ያንተስ ስልክ ላይ ይመጣል?» አሉኝ። አልመጣም ነበር። ስልክ ቶሎ ቶሎ ስለምቀይር ለራሴ ለጊዜው ትቼው ነበር። ለጊዜው!

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የድርጅት ባለቤት ካለ አንድ ምክር አለኝ። ውድ መሣሪያ ከመግዛትህ በፊት አይቲህን ቢሮህ አስገብተህ ሦስት ነገር ጠይቀው፦ ከባክአፑ መልሰህ የሞከርከው መቼ ነው? ከእኛ የለቀቁ ሰዎች ስንቶቹ አሁንም መግባት ይችላሉ? ለሠራተኛው ያወጣኸው ሕግ አንተንም ይገዛል? ሦስቱንም ስክሪኑ ላይ ያሳይህ፤ በቃል አትመነው። የሚያሳይህ ከሆነ ደመወዙን ጨምርለት። ተቆጥቶ «ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፣ አይገባህም» ካለህ ግን ዕወቀው፤ እኔን ነው የቀጠርከው።